የግሮክ ትንሣኤና የመምህሩ ሞት

ማስታወቂያ!

ለተከበራችሁ የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ነዋሪዎች በሙሉ፦ «ግሮክ» የተባለው የእንግሊዝኛ ቃል፣ የገዛ አገሩ ሰዎች ረስተው ከቀበሩት መቃብር፣ ዛሬ ዓርብ ከቀኑ በዘጠኝ ሰዓት በመምህር ገብረ ኪዳን ሳሎን ውስጥ ከሙታን የሚነሣ መሆኑን በጥልቅ ደስታ እናበስራለን። ትርጉሙም፦ ሰው ሲበላ ከፊቱ ቆሞ፣ አንዲት ቃል ሳይተነፍሱ፣ «ና ቅመስ» እስኪባሉ ድረስ ማፍጠጥ ማለት ነው። ይህን ተግባር በስብሰባው ላይ ሲፈጽም የተገኘ አባል ተልባ አይቀዳለትም።

ጽሑፉ በመምህሩ የቆርቆሮ በር ላይ በሚስማር ተመትቶ ነበር። ኢንስፔክተር ሥራነሽ ቅዳሜ ጠዋት በሩን ከመግፋቷ በፊት አነበበችው፤ አልሳቀችም። ቃሉ ተነሥቶ ይሆናል። መምህሩ ግን ሞተዋል።

ከወንበራቸው እግር ሥር በጎናቸው ወድቀዋል። ከንፈራቸው በሚያዝያ ፀሐይ የዓባይን በረሃ በእግሩ እንደተሻገረ ሰው ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ዓይናቸው ክፍት ነው፤ ጥቁሩ ክፍል ሰፍቶ ሌላውን ቀለም ውጦታል። ግማሹ መጽሐፍ ከመደርደሪያው ወርዶ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ከሆስፒታል የመጣው ወጣት ሐኪም ጓንቱን እያወለቀ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«የደሙ ውጤት ገና ነው። ግን ዓይናቸውን እዪው፤ አብሾ ነው።»

ሥራነሽ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። አብሾ የቅኔ ተማሪ አእምሮዬ ይከፈትልኛል ብሎ የሚጠጣው የዱር ፍሬ ነው፤ መጠኑ ሲበዛ የሚከፈተው ሌላ በር ነው። መምህር ገብረ ኪዳን ደግሞ በልጅነታቸው ዲማ ቅኔ ሲቆጥሩ አብሾ መጠጣታቸውን ለሚሰማም ለማይሰማም የሚያወሩ ሰው ነበሩ። ከዚያ ዕድሜያቸውን ሙሉ እንግሊዝኛ አስተማሩ። ጡረታ ሲወጡ፣ እንግሊዞች የጣሏቸውን ቃላት እየለቀሙ በቅኔ ቤት ደንብ ማስተማር ያዙ፦ መጻፍ የለም፣ መምህሩ ቃሉን ከነፍቺው አንዴ ይናገራሉ፣ ተማሪው በቃሉ ይዞ ይመልሳል። ማኅበሩ ይኸው ነው። አባላቱም ሦስት ብቻ ነበሩ፦ አንድ ቄስ፣ አንድ ነጋዴ፣ አንድ የዩኒቨርሲቲ ሰው።

«ኢንስፔክተር!»

የመምህሩ ልጅ እስከዳር ከጓሮ እየሮጠች መጣች። ዓይኗ ቀልቷል፤ ድምፅዋ ግን የሚያለቅስ ሰው ድምፅ አልነበረም፤ ልትማታ የመጣች ትመስል ነበር።

«የነፍስ አባቱ ቄስ አበባው ፍትሐት የለም ብለዋል! አባባን ‹ራሱን ገደለ› ብለውታል! ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ያለ ጸሎት፣ ከቅጥር ውጪ፣ እንደ ውሻ!»

«ማን ነው ራሱን ገደለ ያለው?»

«ቄሱ ናቸዋ! አብሾ ጠጥቷል፣ ዐውቆ ጠጥቷል፣ ዐውቆ መርዝ የጠጣ ፍትሐት የለውም አሉኝ። ትናንት እዚሁ ቤት ተልባዬን የጠጡ ሰውዬ!»

«ሌሊት ምንም አልሰማሽም?»

እስከዳር የሟቹን ነጠላ ከወንበሩ ላይ አነሣች። ከዚያ ጥርሷን ነክሳ ተናገረች።

«ሰምቻለሁ። ዶሮ እስኪጮኽ ብቻውን በእንግሊዝኛ ሲያወራ ሰምቻለሁ። ሁልጊዜም ብቻውን ያወራል። ‹አባባ ተኛ› ብዬ በግድግዳው ጮኽኩበት።» ነጠላውን በእጇ ጠቀለለችው። «እስከ ዘጠኝ ሰዓት እውነቱን ካላወቅሽልኝ፣ እኔው ጉድጓዱ ውስጥ ገብቼ እቀመጣለሁ። ይቅበሩኝ።»

ሥራነሽ ሰዓቷን አላየችም። እሷም ተናዳ ነበር። ተማሪ ሳለች አርፍዳ በገባች ቁጥር እኚህ ሰው «ስላጋቤድ» ይሏት ነበር፤ ፀሐይ እስኪወጋው አልጋ ላይ የሚጋደም ሰነፍ ማለት ነው። ያኔ ጠልታቸው ነበር። አሁን ግን እኚህን ሰው ያለ ጸሎት አፈር ሊያለብስ የቸኮለውን ሁሉ ጠላች።

«ትናንት ተልባውን ማን አዘጋጀ?»

«እኔ። ጾም አይደል? ቆልቼ ወቅጬ በጆግ በጠበጥኩት። ከጓዳ ወደ ሳሎን የወሰደው የአባባ ተማሪ ደመላሽ ነው፤ ‹አንቺ አትድከሚ› ብሎ።»

«ማን ማን ጠጣ?»

«ቄሱ፣ ጋሽ ጀማል፣ ደመላሽ። እኔም ትንሽ ቀመስኩ። አባባ ሁሌም መጨረሻ ነው የሚጠጣው። መምህር ተማሪው ሁሉ ቃሉን መልሶ ሳይጨርስ አይቀምስም፤ የዲማ ልማዱ ነው። ዝቃጩን አራግፎ፣ ‹ቁም ነገሩ ያለው ታች ነው› እያለ ይጠጣል።»

«ጆጉ የት አለ?»

«ታጥቧል።»

«አጠብሽው?»

እስከዳር ለመጀመሪያ ጊዜ ግራ ገባት። «እኔ አይደለሁም። ደመላሽ ሊሄድ ሲል ወደ ጓዳ ገብቶ አጥቦ ደፍቶልኛል። እኔማ ‹ምነው ሁሉም ወንድ እንደሱ በሠለጠነ› አልኩ።»

ኢንስፔክተሯ ወደ ግቢ ወጣች። አጥሩ ሥር በቆመው ጌሾ ቅጠል ላይ ቡናማ ነገር ደርቆ ተለጥፏል። ጎንበስ ብላ አሸተተችው። በር ላይ የቆመውን ፖሊስ ጠራችና፣ «ይችን ቅጠል ቁረጥና ለሐኪሙ ስጥ። እጅህን ልብስህ ላይ እንዳትጠርግ» አለችው።

*

ቄስ አበባው ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ዳዊት ይደግማሉ። ወይም ሊደግሙ ይሞክራሉ፦ መጽሐፉን ወደ ፊታቸው ያስጠጋሉ፣ ይመልሱታል፣ በመጨረሻ ክንዳቸውን እስከ መጨረሻው ዘርግተው ከሩቅ ያዩታል። መምህሩ ያወጡላቸው ስም «ሙምፕሲመስ» ነበር፤ ስሕተቱ በግልጽ ታይቶለት እንኳ ንቅንቅ የማይል ሰው።

«አባ፣ መነጽርዎ የት ሄደ?»

«መነጽር አድርጌ አላውቅም፣ ልጄ። ከዛሬ ጠዋት ጀምሮ ፊደሉ ጭጋግ ሆነብኝ። እርጅና እንዲህ በአንድ ቀን እንደሚመጣ ማን ነገረኝ!»

«ለመምህሩ ፍትሐት ከለከሉ።»

«እኔ ምን ከለከልኩ? ሕጉ ነው የከለከለው።»

«አብሾ ዐውቀው መጠጣታቸውን ማን ነገረዎት?»

«ዶክተሩ። ደመላሽ። ጎህ ሲቀድ መጥቶ፣ ‹አባ፣ መምህሬ፦ ማስታወስ አቃተኝ፣ አብሾውን አንዴ ልድገመው ብለውኝ ነበር› አለኝ። እያለቀሰ ነው የነገረኝ።»

«ስንት ሰዓት ላይ?»

«ከኪዳን ስወጣ። ገና አልነጋም ነበር።»

«እስከዳር አባቷን ያገኘችው ፀሐይ ከወጣ በኋላ ነው፣ አባ።»

ቄሱ ዳዊቱን ዘጉት። ሆኖም ሙምፕሲመስ ነበሩና፣ «ልጄ፣ አንቺ መርምሪ፤ እኔ እስከሚመረመር ሕጉን ይዤ እቀመጣለሁ» አሉ።

ሥራነሽ ደሟ ፈላ። «ይቀመጡ። ግን በስምንት ሰዓት የመምህሩ ሳሎን መጥተው ይቀመጡ።»

*

ጀማለዲን ገበያው አፍ ላይ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅና ባነር ማተሚያ አለው። ወሬ የማያመልጠው በመሆኑ መምህሩ «ኩዊድነንክ» ብለውታል፤ ከቤቱ ሲወጣ «ምን አዲስ ነገር አለ?» ብሎ፣ ሲገባም ያንኑ የሚጠይቅ ሰው። ሥራነሽ ስትገባ ስልኩን እያራቀ እያቀረበ ያየዋል።

«ሰልማ! ይችን መልእክት አንብቢልኝ፣ ይህ ስልክ ሊሞት ነው መሰለኝ!» ብሎ ለሚስቱ ወደ ውስጥ ጮኸ። ከዚያ ከፊቱ ካለው ትልቅ የውሃ ላስቲክ ተጎነጨ። «ይቅርታ ኢንስፔክተር። ከትናንት ማታ ጀምሮ ውሃ አልጠግብ አልኩ። አፌ ገለባ ሆኗል።»

«ጋሽ ጀማል፣ ስለ መምህሩ ያልነገርከኝ ምን አለ?»

«እኔ? እኔ ምን ደብቄ ዐውቃለሁ?» ብሎ መሳቅ ጀመረና ተወው። በጣቱ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው ባነር ጠቆመ። የደመላሽ ፎቶ፣ ከበላዩም በትልልቅ ፊደል፦ *የጠፉ የእንግሊዝኛ ቃላት ፍቺ። የመጽሐፍ ምረቃ በዓል፣ እሑድ፣ በከተማው አዳራሽ።* ከታች ለናሙና አንድ ቃል ተጽፏል፦ *ዌምበርፎርድ። የጥንት የእንግሊዝ መሳፍንት ይጠቀሙበት የነበረ ቃል ሲሆን፣ ወንዝ ሞልቶበት፣ ማዶ ያለውን የሰርግ ቤት ጭስ እያየ ምራቁን የሚውጥ እንግዳ ማለት ነው።*

ሥራነሽ ደግማ አነበበችው። «የእንግሊዝ መሳፍንት ወንዝ ሞልቶባቸው ሰርግ ያመልጣቸው ነበር?»

«እሱን ነዋ ምልሽ! ሐሙስ ዕለት መምህሩ እዚህ ገብተው ባነሩን አዩ። ሳቁ፣ ሳቁ፣ ከዚያ ግድግዳውን ይዘው እንባቸው ፈሰሰ። ‹ጀማል፣ ይህን ቃል የወለድኩት እኔ ነኝ፤ ወንዙ ጨሞጋ ነው፣ የተራበውም እኔ ነኝ› አሉኝ። ለካ ደመላሽ የሚያስተምሩትን ሁሉ በስሙ ሊያሳትም መሆኑን ጠርጥረው፣ ከራሳቸው እየፈጠሩ የውሸት ቃል ከእውነተኛው ጋር እየቀላቀሉ ሲሰጡት ኖረዋል። ቅኔ ቤት የሰው ቅኔ የሰረቀ እንዴት እንደሚጋለጥ ታውቂያለሽ፣ በጉባኤ መካከል ነው። ‹እሑድ አዳራሹ ሲሞላ ተነሥቼ ፍቺውን እጠይቀዋለሁ› አሉ።»

«ይህን ለማን ነገርክ?»

ጀማለዲን ውሃውን ይዞ ቀረ። ጢሙ ላይ ነጠብጣብ ወረደ።

«ለራሱ ነገርኩት። ለደመላሽ። እንዲሁ ላሾፍበት ብዬ እኮ ነው፣ ወላሂ! ‹ጉድህ ሊፈላ ነው› አልኩት። ሳቀ። እሱም ሳቀ፣ ኢንስፔክተር።»

*

ደመላሽ ዩኒቨርሲቲው ቢሮ ውስጥ ነበር። ዶክተር የሚሆነው ገና ነው፤ ከወዲሁ ግን በማዕረጉ ሲጠሩት «አቤት» ይላል። መምህሩ የሰጡት ስም «አልትራክሬፒዳሪያን» ነው፤ ከሚያውቀው ወሰን አልፎ የሚፈርድ ማለት። እሱም ስሙን ማዕረግ ስለመሰለው በስም ካርዱ ላይ አሳትሞታል።

«ሐዘኑ አጥንቴ ድረስ ነው» አለ፣ ጥቁር ክራቫቱን እያስተካከለ። «ነገ መጽሐፉን ለእሳቸው መታሰቢያ አደርገዋለሁ።»

«ትናንት ተልባ ጠጣህ?»

«እንዴታ! ሁለት ብርጭቆ። የእስከዳር ተልባ ይታለፋል?»

«ጥሩ ነው። መጽሐፍህን ልየው?»

ደስ አለው። ከመሳቢያው አውጥቶ ገለጠና፣ ከገጹ ግርጌ ያለውን ከጤፍ የደቀቀ ማስታወሻ፣ መጽሐፉን ከአፍንጫው ሥር ይዞ፣ ሳይደናቀፍ እስከ መጨረሻው አነበበላት። ሥራነሽ አላቋረጠችውም። እሱ ያነበበውን ሳይሆን ዓይኑን ነበር የምታየው።

«ግሩም ነው» አለች ስትነሣ። «በስምንት ሰዓት መምህሩ ቤት ና። የመጨረሻ ስብሰባችን ነው።»

*

በስምንት ሰዓት ሁሉም ሳሎን ውስጥ ነበሩ። የመምህሩ አስከሬን ከሆስፒታል ተመልሶ፣ ሣጥኑ ጎን ባለው ክፍል አግዳሚ ላይ ተቀምጧል፤ ከውጪ ድንኳኑ ውስጥ የለቀስተኛው ድምፅ ይሰማል። ቄስ አበባው መቋሚያቸውን ተደግፈዋል። ጀማለዲን ከነውሃው መጥቷል። ደመላሽ እግሩን አነባብሮ ተቀምጧል። እስከዳር አልተቀመጠችም።

ሥራነሽ ከመደርደሪያው የመምህሩን ትልቅ መዝገበ ቃላት አውርዳ ጠረጴዛው ላይ ጣለችው። አቧራ ተነሣ።

«ትናንት የተነሣው ቃል ግሮክ ነው። እስቲ ፍቺውን ከዚህ አንብቡልኝ። አባ፣ ይጀምሩ።»

«ልጄ፣ ቀብር አለብን፤ አንቺ ትምህርት ቤት ከፈትሽ?»

«ያንብቡ!»

ቄሱ መጽሐፉን አስጠጉ፣ አራቁ፣ ራሳቸውን ነቀነቁ። «አልታይ አለኝ። እርጅና ነው።»

«ጋሽ ጀማል።»

«ኧረ እኔ ስልኬንም ማንበብ...» ብሎ ጎንበስ አለ። ዓይኑን ጨፈነ፣ ገለጠ። «ጉንዳን ነው የሚመስለኝ። ስልኩ አልነበረም እንዴ?»

«እስከዳር።»

እስከዳር መጣች። ገጹን አየች። «በለቅሶ ነው» አለች ቀስ ብላ። «ጠዋትም መርፌ ውስጥ ክር ማስገባት አቃተኝ። በለቅሶ መስሎኝ።»

«ዶክተር ደመላሽ።»

ደመላሽ ከመቀመጫው እንኳ አልተነሣም። መጽሐፉን ጭኑ ላይ አድርጎ እንደ ውሃ አነበበው። ሲጨርስ ቀና አለና ሁሉም እሱን እንደሚያዩት አስተዋለ። ፈገግታው ፊቱ ላይ ደረቀ።

«አብሾ የቀመሰ ሰው» አለች ሥራነሽ፣ «አፉ ይደርቃል፣ ቅርቡ ያለው ይደበዝዝበታል። ትንሽ የቀመሰው ለቀናት፣ ብዙ የጠጣው እስከ ወዲያኛው። አባ ያረጁት ዛሬ አይደለም። የጋሽ ጀማል ስልክም ጤነኛ ነው። ሦስታችሁም ትናንት ከጆጉ ላይ ላዩን ጠጥታችኋል። የተፈጨው ፍሬ ግን ከተልባው ጋር ወደ ታች ይዘቅጣል፤ ታች ያለውን ዝቃጭ የሚጠጣው ደግሞ አንድ ሰው ብቻ መሆኑን ይህ ቤት የገባ ሁሉ ያውቃል።»

ቄሱ መቋሚያቸውን አጥብቀው ያዙ። «ቆይ... እኔንም?»

«እርስዎንም። አሁን ይንገሩኝ አባ፤ ለራሱ ትዝታ አብሾ የሚጠጣ ሰው የነፍስ አባቱንና ወዳጁን ለምን ያጠጣል? የገዛ ልጁን ለምን ያጠጣል? መምህሩ ዐውቀው አልጠጡም። አጠጧቸው።»

«ተልባውን ያዘጋጀችው እሷ ናት!» አለ ደመላሽ፣ ጣቱን ወደ እስከዳር ቀስሮ።

«አዎ። አዘጋጅታም ቀመሰችው። አንተ ግን ከጓዳ ተቀብለህ አመጣኸው፤ ‹አትድከሚ› ብለህ። ሁለት ብርጭቆ ጠጣሁ ብለኸኛል፤ ዓይንህ ግን ከሁላችንም ይበልጣል።»

«እ... ጨጓራ አለብኝ። ለይሉኝታ ያዝኩት እንጂ አልጠጣሁም።»

«ጠዋት ያልነበረ ጨጓራ በምሳ ሰዓት ከየት መጣ? ጋሽ ጀማል፣ ትናንት ብርጭቆውን ምን አደረገው?»

«ስልክ ተደወለልኝ ብሎ ይዞት ወደ ግቢ ወጣ!» አለ ጀማለዲን፣ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ሁለቴ! ሁለቴ ወጥቷል! ሲመለስ ባዶ ነበር!»

«ጌሾው ላይ ነው የደፋው። ሐኪሙ ቅጠሉን አይቶታል፤ የአብሾው ፍሬ ስብርባሪ ከተልባው ጋር ደርቆበታል። ከዚያ ደግሞ ለማንም ያልተለመደ ደግነት አደረገ፤ እንግዳ ሆኖ፣ ወንድ ሆኖ፣ የሰው ጓዳ ገብቶ ጆግ አጠበ። እስከዳርም መረቀችው። ጎህ ሳይቀድ፣ የአባቷን ሞት ልጅቷ እንኳ ሳታውቅ፣ ቄሱ ዘንድ ሄዶ አለቀሰ። ሰውየው ራሱን ገደለ ከተባለ ፍትሐት የለም፤ ፍትሐት ከሌለ ቀባሪ ይሸሻል፤ ቀባሪ ከሸሸ ጠያቂ የለም። እሑድም አዳራሹ ውስጥ ተነሥቶ የዌምበርፎርድን ፍቺ የሚጠይቅ የለም።»

ደመላሽ ዘሎ ተነሣ። «ዌምበርፎርድ እውነተኛ ቃል ነው!»

«ይኸው መዝገበ ቃላቱ። ዓይንህ ደህና ነው። ፈልግ።»

መጽሐፉን አነሣ። ገለጠ። ገጾቹን በሁለት እጁ ወደ ፊትም ወደ ኋላም አገላበጠ፤ አንዱን ገጽ ቀደደው።  ከድንኳኑ የለቅሶው ድምፅ ገባ። ደመላሽ አሁንም ይፈልግ ነበር።

«በቃህ» አለች ሥራነሽ። «ሐሙስ ጋሽ ጀማል ነግሮሃል። ቃሉ የት እንደተወለደ ከሐሙስ ጀምሮ ታውቃለህ።»

ጀማለዲን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «እኔ ነኝ የገደልኳቸው፣ በምላሴ!»

«አንተ አወራህ። የፈጨው እሱ ነው።»

ቄስ አበባው ተነሡ። እንደ ልማዳቸው የሚከራከሩ መስሏቸው ሁሉም ጠበቁ፤ እሳቸው ግን እስከዳር ፊት ሄደው ቆሙ፤ የተናገሩትም ለወለሉ ይመስል ነበር።

«ተሳስቻለሁ። ከቅጥር ውስጥ ነው የሚቀበረው። ፍትሐቱን እኔው አደርሳለሁ። ማንበብ ካቃተኝ በቃሌ አደርሳለሁ።»

እስከዳር ፊቷን ሣጥኑ ወዳለበት ክፍል አዞረች። ይቅርታ የምትሰጥበት ቀን አልነበረም። ቄሱም ጠብቀው አልቆሙም፤ ወደ ድንኳኑ ወጥተው ዲያቆናቱን ሲጠሩ ድምፃቸው ተሰማ፤ ጥቂት ቆይቶ ሣጥኑን የሚያነሡት ሰዎች በጎን በር ገቡ።

ፖሊሱ የደመላሽን እጅ አሰረ። እስከዳር በሩ ላይ ቆማ መንገዱን ዘጋች።

«አንድ ዓመት ሙሉ ከዚህ ቤት ምሳ በልተሃል። ትምህርትህን ልታቋርጥ ስትል ዩኒቨርሲቲ ድረስ ሄዶ የለመነልህ እሱ ነው። ቢያዋርድህስ? ስታፍር ትኖር ነበር እንጂ ማን ገደለህ? ስለ አንድ ቃል?»

ደመላሽ የታሰረውን እጁን አየ።

«መልስልኝ! ሰውን ሁሉ ስታስረዳ አይደለም የኖርከው?»

ክራቫቱ ዞሮ ትከሻው ላይ ወድቋል። ቀና ብሎ አያት፤ ጥርት ባለ ዓይኑ።

«አላስረዳም» አለ።

«ለእኔ እንኳ?»

«ለማንም አላስረዳም።»